ባላገርነት ስድብ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ከጎባ ሮቤ ሩቅ አይደለም፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ቀልድ ተጀምሮ እስኪያልቅ ይደረሳል። ባለፈው ሰሞን እኛም አንድ ቀልድ ሰምተን፣ ስቀን፣ ደረስን። ቀልዱ ይህ ነው፦ ጋቢ የለበሱ፣ ጭኮ በዕቃ አድርገው በጨርቅ የቋጠሩ አንድ አባት መውረጃቸው ካለፈ በኋላ «ወራጅ አለ» አሉ። ረዳቱ በሩን እየከፈተ «ምን ዓይነቱ ባላገር ነው ባካችሁ!» አለ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ሽማግሌው ሒሳባቸውን ከፍለው፣ ዕቃቸውን አቅፈው፣ ያለፉትን መንገድ በእግራቸው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ይኸው ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልተዘረፈም። ሮቤ ወርደን ሻይ ስናዝዝ ግን ከመካከላችን አንዱ «እኚያ አባት የያዙት ጭኮ አዲስ አበባ በፕላስቲክ ታሽጎ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ?» አለ። ዝም አልን። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ፣ እናቶቻችን ለመንገደኛ ስንቅ የሚቋጥሩት ምግብ ነው። እዚያ የባህል ምግብ ተብሎ ዋጋ ያወጣል። እዚህ ይዞት የሚሄደው ሰው ይሳቅበታል። ምግቡ ከበረ፣ ሠሪው ረከሰ።

ይህች ጽሑፍ ከዚያ ሻይ የወጣች ናት። ስለ ስድብ ልናወራ ነው፤ ያውም ተጣልተን ስለምንወራወረው ስድብ አይደለም። ሳንጣላ፣ ሳንናደድ፣ ሳናስበው ከአፋችን ስለሚወጣው ነው።

እስቲ ቆጠራ እንጀምር። ሰው ዝቅ ማድረግ ስንፈልግ ምን እንላለን? ባላገር፣ ገጠሬ፣ ፋራ፣ ሰገጤ፣ ዘላን፣ ቆለኛ፣ ተራ፣ ርካሽ፣ ወራዳ፣ ወያላ፣ ኩሊ፣ ሊስትሮ፣ ገረድ፣ ዘበኛ። ዕቃ ዝቅ ማድረግ ስንፈልግስ? መናኛ፣ ተራ፣ ርካሽ፣ ውራጅ፣ ልባሽ፣ ግርድ፣ «የባላገር ጫማ»፣ «የባላገር ቀለም»። አያችሁ አይደል? ሁለቱ ዝርዝሮች እየተደባለቁ ነው። ለሰው ያልነውን ለዕቃ፣ ለዕቃ ያልነውን ለሰው። በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ቃላት ደግሞ አንድ በአንድ ተመልከቷቸው። አብዛኞቹ የጥፋት ስም አይደሉም፤ የሥራ ስምና የመኖሪያ ቦታ ስም ናቸው። ሌባ፣ ቀጣፊ፣ ጉቦኛ የሚሉት የሉበትም። በአገራችን ሰውን ለማዋረድ የሚያርስበትን፣ የሚሸከመውን፣ የሚጠርገውን መጥራት ይበቃል ማለት ነው።

ቋንቋው ራሱ የሚያግዘን ይመስላል። በአማርኛ ዋጋው የቀነሰ ነገር «ረከሰ» ይባላል። ቅድስና የጎደለው ነገርም «ረከሰ» ይባላል። «ርኩስ መንፈስ» እና «ርካሽ ቲማቲም» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። በተቃራኒው «ከበረ» ስንል ሀብታም ሆነም፣ ተከበረም ማለታችን ነው፤ «ክቡር ሚኒስትር» እና «ከበርቴ» የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። «ወረደ» የሚለውንማ ተዉት። ከሚኒባስ የሚወርደው ወራጅ፣ ታላቅ ወንድም ለብሶ ለታናሹ የሚተርፈው ውራጅ፣ ስሙ የጠፋው ወራዳ፣ ከሁሉ የከፋው ውርደት፤ ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። እኚያ አባት «ወራጅ አለ» ሲሉ ቃሉን ጨረሱላቸው እንጂ ሌላ ምን ተደረገ!

በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅ የጉልበቱ ዋጋ ያነሰ ሰው ክብሩም ያነሰ ቢመስለው ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። አድጎ ደመወዝ ከፋይ ሲሆን ግን ይፈረድበታል። ምክንያቱም ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፦ ክብሩን አስቀድሞ ያሳነሰውን ሰው፣ ዋጋውንም ማሳነስ አይከብደውም። «ባላገር ነው፣ ይበቃዋል።» ይህችን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ እጁን ያውጣ። የቀን ሠራተኛ ሲቀጠር፣ በግ ሲገዛ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሲቆረጥ፣ ስንዴ በኩንታል ዋጋ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ስድብ ሲባል አየር ላይ የሚቀር ይመስለናል እንጂ ደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።

አሁን ወደ «ባላገር» እንመለስ። ባላገር ማለት ባለ አገር ማለት ነው። ቃሉን ሰንጥቃችሁ እዩት፤ የአገር ባለቤት። ይህን ትርጉም ይዛችሁ ወደ ባሌ ኑና የሰውየውን ታሪክ ተከተሉ።

የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አርሲንና ባሌን ከያዘ በኋላ የዚህ አገር ሰው ስሙ ገባር ሆነ። ቀጥሎ መሬቱ በቀላድ ተለካ፤ ግብሩን መክፈል ያልቻለ መሬቱን አጣ፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ ሆነና ስሙ ጭሰኛ ተባለ። ቃሉ ከጭስ የወጣ ነው፤ የምድጃው ጭስ ብቻ የቀረው ሰው። በ1955 ዓ.ም. የባሌ ገበሬዎች አመፁ። ከመሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ዋቆ ጉቱ ነው። አመፁ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘለቀ፤ መሬትም፣ ግብርም፣ የሹማምንት በደልም፣ በሃይማኖትና በማንነት መናቅም ነበሩበት። መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የሰጣቸው ስም ሽፍታ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ኦሮሞን በጅምላ የሚያዋርድ አንድ ቃል ነበረ፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሳይቀር ይጻፍ የነበረ። እዚህ አንጽፈውም፤ የትኛው እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቃሉ ከወረቀት ወጥቷል፤ ከአንዳንድ ሰው አፍ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናሳንሰውም። ሰውየውም አዲስ ስም ተሰጠው፦ አርሶ አደር። በኦሮምኛም ቃል በቃል እንዲሁ ነው፤ «ቆቴ ቡላ»፣ አርሶ የሚያድር። የሚያምር ስም ነው። መሬቱ ግን በሕግ የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ እንጂ የእሱ የግሉ አልሆነም።

እንግዲህ ቁጠሩ። ገባር፣ ጭሰኛ፣ ሽፍታ፣ አርሶ አደር። በመቶ ዓመት ውስጥ አራት ስም ወጥቶለታል። ባለ አገር የተባለው መቼ ነው? ከተሜው ሊሰድበው የፈለገ ዕለት! አገሩን ስንወስድበት ገባር አልነው፤ በአገሩ ላይ ስንስቅበት ባላገር አልነው። ከዚህ የበለጠ ፌዝ ከየት ይመጣል?

«እናንተ ደግሞ ነገር ታከብዳላችሁ፤ የአራዳ ልጅ ቀልድ ነው» የሚለን አይጠፋም። እሺ፣ ስለ አራዳም እናውራ። አራዳ ምን ነበር? አዲስ አበባ ውስጥ በጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረ ገበያ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የከተማው ትልቁ ገበያ እሱ ነበር። በዚያ ገበያ እህሉን፣ ቅቤውን፣ ማሩን ያመጣ የነበረው ማን ነው? ባላገሩ። አራዳነት ከባላገር ጋር ተገናኝቶ መገበያየት ነበር። የፋራ ተቃራኒ ሆኖ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ደግሞ ይህ ንቀት እንደ መሰላል ነው፤ ሁሉም ከሥሩ የሚረግጠው አያጣም። አዲስ አበቤው ከቃሊቲ ወዲያ ያለውን ሁሉ «ክፍለ ሀገር» ይለዋል፤ ክፍለ ሀገር የሚባለው አስተዳደር ከቀረ ሠላሳ ዓመት እንዳለፈው አልሰማም። ሮቤና ጎባ ውስጥ ያለን እኛ በዚህ እንናደዳለን። በጣም እንናደዳለን! ግን እርስ በርሳችንስ? ባሌ ጠቅላይ ግዛት በነበረች ጊዜ ዋና ከተማዋ ጎባ ነበረች፤ ያን ጊዜ ለጎባ ልጅ ሮቤ እህል የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ዛሬ የዞኑ ከተማ ሮቤ ነው፤ መደወላቡ ዩኒቨርሲቲም ዋናው ግቢው እዚሁ ነው። የሮቤ ልጅ በተራው «ጎባማ አርጅታለች» ይላል። ሁለታችን ተስማምተን ደግሞ ከዲንሾና ከገጠሩ በሚመጣው እንስቃለን። ደገኛው ሰነቴን ተሻግሮ ወደ ደሎ መና ሲወርድ ያለውን ሰው ቆለኛ ይለዋል። ከብት ይዞ እንደ ወቅቱ ከቆላ ደጋ የሚመላለሰውን «ዘላን» እንለዋለን። ረዳቱ ሽማግሌውን ባላገር አላቸው፤ እኛ ረዳቱን ወያላ እንለዋለን። የወያላው ታናሽ ወንድም ሊስትሮውን... በቃ ገብቷችኋል። መሰላሉ ላይ ሁላችንም አለን። የተሰደበ ሁሉ ተሳዳቢ ነው።

ኦሮምኛውም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ይህን ብንደብቅ ውሸታም እንሆናለን። ገርባ የሚል ባሪያን መጥሪያ ቃል አለው፤ ገበሮ የሚል፣ ተሸንፎ የተጠጋን ሕዝብ መጥሪያ ቃልም በታሪኩ አለ። ብረት ቀጥቃጩን «ቱምቱ» ብሎ በሥራው የሚያርቅ ሰውም አለ፤ አማርኛው «ጠይብ» እና «ቡዳ» ብሎ እንደሚያርቀው። ማረሻውን ከእሱ ይገዛል፣ ልጁን አይድርለትም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአንድ ብሔር በሌላው ላይ ክስ አይደለም። ሁላችንም ተከሳሾች ነን።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረውን እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ልጅ ሳለ ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ነበር የተማረው። በየሳምንቱ ስንቅ ከቤት ይመጣለታል። አንድ ቀን ስንቁን ይዘው የመጡት አባቱ ናቸው፤ በኮንጎ ጫማ፣ በጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሰው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ከእሱ ጋር የሚወጡት ልጆች «ማነው ይሄ ባላገር?» አሉ። እሱም «የሰፈራችን ሰው ነው፣ ዕቃ ላኩልኝ» አለ። አባቱ ይሰሙ ነበር። ምንም አላሉም። ስንቁን ሰጡት፣ «በርታ» አሉት፣ ሄዱ። ይህን ነገር ለእኛ የነገረን በዚያው ሻይ ቤት ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ። አባቱ አሁን በሕይወት የሉም።

አንድ ቃል ልጅን አባቱን አስካደው። ከዚህ በኋላ «ቀልድ ነው» የሚለን ሰው ካለ ከእኛ ጋር ሻይ አይጠጣም።

ሁለተኛው መልስ ትንሽ ጠንከር ይላል፦ «ታዲያ መጥፎን ዕቃ ጥሩ ነው እንበል? መናኛ ስንዴ መናኛ ነው፤ ደረጃ ያስፈልጋል።» ልክ ነው፣ ያስፈልጋል። ግን ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ ካወቃችሁት ባላገሩን ጠይቁት። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ አንዱን ወቅት «ገና»፣ ሌላውን «ቦና» ይለዋል። ስንዴው ለምን እንደቀጨጨ ስትጠይቁት «መናኛ ነው» አይላችሁም። ዋግ መታው፣ አረም ዋጠው፣ ሊታጨድ ሲል ዝናብ ደረሰበት፣ እንክርዳድ አለበት፣ ውርጭ ነካው ይላችኋል። ለእያንዳንዱ ጉድለት ቃል አለው። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉን የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ውስጥ አወደመው። ይህን ሁሉ ገበሬው በዝርያው ስም፣ በበሽታው ስም፣ በወሩ ይነግራችኋል። የሲናና ምርምር ማዕከል ተመራማሪም የሚያወራው በዚሁ ዓይነት ቋንቋ ነው።

እኛስ? እኛ «ተራ» እንላለን፣ «መናኛ» እንላለን፣ «የባላገር» እንላለን። እነዚህ ቃላት ስለ ዕቃው ምንም አይነግሩንም። የጫማው ሶል ይላቀቃል? ቀለሙ ይለቃል? ስፌቱ ይተረተራል? አናውቅም፤ «የባላገር ነው» ብለን አልፈናል። የንቀት ቃል የሰነፍ ቃል ነው። ከማየት ያድናል። መናኝ ዓለምን የናቀ ነው፤ መናኛ ሰው የናቀው ነው። የተናቀው ነገር ምን እንደሆነ ግን የናቀው ሰው አያውቅም፤ ቢያውቅማ ስሙን ይጠራው ነበር።

አለማወቃችን የሚታወቀው ፈረንጅ ሲመጣ ነው። «ከጫካ የመጣ» ስድብ ነው አይደል? ከሰነቴ በታች ባለው የሐረና ጫካ ውስጥ ራሱ በቅሎ የሚያድገው ቡና ግን ስሎው ፉድ በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ጥበቃ ከተሰጣቸው ምርቶች አንዱ ሆኗል፤ ዋጋው የሚጨምረው የጫካ በመሆኑ ነው! ነጭ ፉርኖ የከተሜ፣ ጥቁር ዳቦ የድሃ ነበር፤ ዛሬ ሐኪም ጥቁሩን ያዛል፣ ዳቦ ቤቱም ዋጋ ይጨምርበታል። ማኛ ጤፍ የጌታ፣ ቀይ ጤፍ የሎሌ ነበር፤ አሁን ቀዩን ፈልገው የሚገዙት ገንዘብ ያላቸው ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ያያል። እሰይ! ግን እዚያው ተራራ ላይ ከብቱን ይዞ የሚኖረው ሰው ስሙ ምንድን ነው? «ዘላን»። ምግቡ ይከብራል፣ ቡናው ይከብራል፣ ቀበሮው ይከብራል፤ ሰውየው እዚያው ነው።

«ዘላን» ካልን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ቃል ሰፈር ውስጥ ለጯሂ ልጅ የምንሰጠው ስድብ ነው። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አንብቡ፤ ለግጦሽና ለእርሻ መሬት የማግኘትና ከመሬት ያለመፈናቀል መብት የተሰጠው «ለዘላኖች» ነው፤ በዚሁ ቃል። ሕጉ መብት የሰጠበትን ስም እኛ ስድብ አድርገነዋል። መብቱ የት እንደደረሰ መገመት አያቅትም።

ሦስተኛው መልስ የመንግሥትና የድርጅቶች መልስ ነው፦ «ስሙን እንቀይረው!» ቀየርነውም። ገበሬው አርሶ አደር፣ ዘላኑ አርብቶ አደር፣ ሠራተኛው ላብ አደር፣ በረንዳ አዳሪው የጎዳና ተዳዳሪ፣ ዘበኛው ጥበቃ፣ ገረዷ የቤት ሠራተኛ ተባለ። ክፋት የለውም፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ግን ልብ በሉ፦ ዘበኛ ስድብ ሆኖ አልተወለደም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ስሙ «ክብር ዘበኛ» ነበር። ቃሉን ያወረደው የዘበኛው ደመወዝና በር ላይ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ናት። «የቤት ሠራተኛ» ያልናትም ልጅ ስሟ ብዙ አልቆየላትም። ዛሬ አለባበሷ ያላማረንን ልጅ «ሠራተኛ ትመስላለች» እንላለን። ቆም ብላችሁ አስቡት እስቲ! ሠራተኛ መምሰል ስድብ የሆነበት አገር። ሥራ ፈት መምሰልስ ምን ሊሆን ነው?

የስንዴ አገር ሰው ግርድን ያውቃል፤ ዋናው ፍሬ ተመርጦ ሲወጣ የሚቀረው ነው። ግርድና ገረድ ዘራቸው አንድ ይሁን አይሁን ለሊቃውንት እንተወው፤ እኛ ግን ሁለቱን አንድ አድርገን ነው የያዝናቸው። ሕጉም አላገዛትም። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ በደንብ ይወሰናል ብሎ አለፈው። በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156 መጣ፤ እሱም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ብሎ አለፈ። ስሟን ቀይረን፣ አዋጅ ለውጠን፣ እሷን ከአዋጁ ውጭ ተውናት። ስም መቀየር ያለ ደመወዝና ያለ ሕግ፣ ያላጠቡትን ዕቃ በአዲስ ጨርቅ መሸፈን ነው።

በስድብ ላይ አዋጅ ማውጣትም አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ነጋዴው በሥራው እየተሰደበ ሥራውን ቢጥል አገር ባዶ እንደምትቀር ገብቷቸው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ጠይብ አሁንም ስድብ ነው። አዋጅ አንደበትን አይዘጋም።

አዋጅ ስድብን ማንሣት ሲፈልግ ግን ይችላል፤ ይህን እኛ ወጣቶች በደንብ እናውቃለን። «ቦዘኔ» የሰፈር ቃል ነበር። በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣና የሕግ ቃል ሆነ። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ደግሞ አደባባይ የወጣ ወጣት «አደገኛ ቦዘኔ» ተባለ፤ ስንቱ በዚያ ስም ታፈሰ። ከዚያ በፊት ሥራ ያጣውን የሰፈር ልጅ «ቦዘኔ» እያለ ሲስቅ የነበረ ሰው ሁሉ ቃሉን ስሎ አቀብሏል። ገባርም፣ ሽፍታም፣ ቦዘኔም መጀመሪያ አፍ ውስጥ ነበሩ። ወደ መዝገብ የገቡት በኋላ ነው። መዝገብ ያዡ ቃል አይፈጥርም፤ ሕዝብ የለመደውን ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ የምንስቅበት ቃል ነገ ማን ላይ እንደሚጻፍ አናውቅም። ምናልባት እኛው ላይ።

እና ምን ይሁን ነው የምትሉት? ቃላት ይታገዱ አንልም። የስድብ ፖሊስ ይቋቋም አንልም፤ ፖሊስ በዝቶብናል። የምንለው ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ዕቃን በጉድለቱ ጥሩ። ስንዴው እርጥብ ከሆነ እርጥብ በሉ፣ ጫማው ከተላቀቀ ተላቀቀ በሉ። የሰው መኖሪያና የሰው ሥራ የጉድለት ስም አይሁን። ያን ጊዜ ነጋዴውም «የባላገር ነው» ብሎ ዋጋ መስበር ያቅተዋል፤ ጉድለቱን ማሳየት ይገደዳላ!

ሁለተኛ፣ አዲስ የሚያምር ስም ሲመጣላችሁ «ደመወዙስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አርሶ አደር ያልነው ሰው ስንዴውን በስንት ሸጠ? የቤት ሠራተኛ ያልናት ልጅ የዕረፍት ቀን አላት? መልስ ከሌለ ስሙ ማጭበርበሪያ ነው።

ሦስተኛው ይከብዳል፤ እኛም አልቻልንበትም። ሳቁ ሲመጣ አለመሳቅ ነው። ተነሥቶ ንግግር ማድረግ አያስፈልግም። «አባባ፣ ይቅርታ፣ መውረጃዎት አልፏል፤ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው» ብሎ ዕቃቸውን ማውረድ ይበቃ ነበር። ያን ቀን አሥራ ምናምን ሰው ነበርን፤ ይህን ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

«ተራ» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው የተውነው ስለምንወደው ነው። ተራ ሰው፣ ተራ ነገር እያልን እንንቅበታለን። ግን ተራ ማለት ወረፋም ነው። ዳቦ ቤት ተራ ይያዛል፣ ወፍጮ ቤት ተራ ይጠበቃል። ተራ ባለበት ቦታ ጌታም ሎሌም የለም፤ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። ተራ ሰው እንግዲህ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው። የባሌ ባላገር ከገባርነት ጀምሮ ተራውን እየጠበቀ ነው። የሚገርመው መጠበቁ አይደለም፤ ወረፋውን የሚሰብሩት ሰዎች እሱን «ተራ» ማለታቸው ነው።

ቸር እንሰንብት። ደግሞ ጎባ ለመሄድ ሚኒባስ የምትሳፈሩ ካላችሁ፣ ጭኮ የያዙ አባት ካጋጠሟችሁ መውረጃቸውን አስታውሷቸው።